ከዜሮ እስከ ስድስት

አሥራ ዘጠኝ ጥያቄ፣ ባሕር አቋርጦ የመጣ፣
ማክሰኞ ማታ ደረሰኝ፣ ጉም ጦሳ አናት ሲወጣ።
«ወደ አማርኛ መልሺልን፣ ሳትጨምሪ፣ ሳትቀንሺ፤
አሥራ አንድ አገር፣ አንድ ሚዛን» ይላል፤ «እንዳትረሺ፣
ዜሮ ማለት ‹ፈጽሞ› ነው፤ ስድስት ማለት ‹በየቀኑ›።»
እሺ አልኩ። ክፍያው ትንሽ ነው፤
የቤት ኪራይ ግን ደጅ ቆሞ ነበር።

አንደኛው፣ ሥራው አንድዶ ጨርሶኛል የሚል ነው።
«ተቃጥያለሁ» ብዬ ጻፍኩት፤
መልሶ እንዲተረጉም የተቀጠረው ልጅ
«ቤቴን እሳት በላው» ብሎ ላከው።

«ደክሞኛል» አልኩ፤ ድካም እኛ ዘንድ ይመረቃል፣
«ፍሬ ያፍራ» ተብሎ ሰው ይሸኝበታል፤
«ሰልችቶኛል» የሰነፍ ነው፤ «ዝያለሁ» ክንድ ይመስላል፤
«መሮኛል» ያልኩ እንደሆነ፣ ከማን ተጣላሽ ያስብላል።
ከሌላ አገር የሚተረጉም ባልደረባ ጻፈልኝ፦
«እኛ ጋ ነፍስ አይዝልም፤ ጀርባ ነው የሚሰበረው።»
ሌሊቱን ቃል ሳገላብጥ፣ እንደ ጨርቅ ስጨምቅ አደርኩ፤
ሲነጋጋ «ነፍሴ ዝላለች» ብዬ፣ ፈርሜ ላክኩ።

ደሴ ሆስፒታል፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ። ጦይባ አዋላጅ ናት።
ሦስት ወልደዋል፤ አራተኛዋ ግድግዳ ይዛ ታምጣለች።
«ጠዋት ከአልጋ ሲነሡ፣ ሥራ ማሰብ ያስጠላዎታል?»
«የቱ አልጋ?» አለች።
ጓንቷን አወለቀች። ጣቶቿ ውሃ እንደዋለበት ልብስ ተጨማደዋል።
«አልሐምዱሊላህ።»
«ቁጥር ነው የሚፈልጉት፣ ጦይባ።»
«አልሐምዱሊላህን እንግዲህ ስንት ላይ ታስቀምጪዋለሽ?»

ስድስተኛው፦ «ሰውን እንደ ዕቃ መቁጠር ጀምሬአለሁ።»
ሣቋ ቆመ።
«ትናንት አንዲቷን ‹አልጋ ሰባት፣ ግፊ!› አልኳት።
ስሟን ነግራኝ ነበር» አለች። «ሁለቴ ነግራኝ ነበር።»
ብዕሬ አየር ላይ ቀረ፤ ይህ ሦስት ነው? አራት?
ግድግዳ የያዘችው ጮኸች፣ ጦይባ ሮጠች፤
ስድስተኛው ባዶውን አደረ።

በማግስቱ ሐረጎን ወረድኩ፤ መታጠፊያው ጆሮ ይደፍናል፣
ከታች ቦርከና ጭቃ ያዝላል፣ ፋብሪካው ጢሱን ይተፋል።
ይመር የፈረቃ መሐንዲስ ነው፤ ሃያ ዓመት ከሽመና ማሽን ጋር።
ቆሞ ሞላልኝ። አሥራ ዘጠኝ ዜሮ
እንደ ቀለበት አሰለፈና
«ይሄ ወረቀት» አለ ጮክ ብሎ፣ «ሥራ አስኪያጁ ጋ ይደርሳል?»
አይደርስም አልኩት።
ቆየ። ከዚያ፣ አሁንም እየጮኸ፦
«ማታ ስገባ ትንሿ ልጄ ‹አባ አትቆጣኝ› ትለኛለች።
እኔ'ኮ በሹክሹክታ ነው የማወራት።»
ወረቀቱን መለስኩለት፤ እንቢ አለ።
«አብሽሪ» ብሎ ትከሻዬን ነካ፣ የደከመው እሱ ሆኖ፣
«አብሽሪ፣ ያልፋል።»
ይህንንስ ወደየትኛው ቋንቋ ልመልሰው?

ከወር በኋላ ደብዳቤ፦ «እንኳን ደስ ያላችሁ!
ከአሥራ አንዱ አገር ሁሉ ዝቅ ያለው አማካያችሁ።
ምሥጢሩ ምን ይሆን? ባህላችሁ? ትዕግሥታችሁ?»
መልስ ጀመርኩ፤ ሰረዝኩ፤ ጀመርኩ።
ሆጤ መብራት ጠፍቷል። በስልኬ ብርሃን
አንድ የተረፈ ፎርም ለራሴ ዘረጋሁ፤
«ነፍሴ ዝላለች» ይላል፤ በገዛ እጄ የጻፍኩት
የሌላ ሰው አማርኛ መሰለኝ።

ስልኩ ጠራ።
«እንዴት አመሸሽ?»
«ደህና» አልኩ። ዜሮ፤ ከአፌ ሲወጣ አየሁት።
ጦይባ ናት።
«ያቺ ሰባት ቁጥር… ዛሬ ልጇን ልታስከትብ መጥታ አገኘኋት።
ሉባባ ነው ስሟ። ጻፊው።»
የት ብዬ ልጠይቅ ስል ዘጋችው፤ ሌላ ምጥ ይዟታል ያቺን።
ኅዳጉ ላይ፣ ከቁጥሮቹ ሰልፍ ወዲያ፣
ቦታ ነበረ። ጻፍኩት።