አንድ ማርካ ጐደለ

ከዚራ፣ ከዛፎቹ ጥላ ሥር፣ አንዲት ሻይ ቤት፣
እኔ ከገንዘብ ሣጥኑ ኋላ፣ ሰባት ዓመት።
ቀይዋ ማርካ ለሻይ፣ ቢጫዋ ለወተት፣
ሰማያዊዋ ለሳምቡሳ፣ ከተረፈ ለብስኩት።
ኢብሳ ከኔ ይገዛል፣ ለባሬስታው ይሰጣል፣
ባሬስታው ማታ በጣሳ መልሶ ያመጣል።
በላብ እጅ ታሽታ፣ ጠርዟ ተበልቶ፣
ስንት ብርጭቆ ሻይ በርሷ ተቀድቶ፣
ደጅ ብትወጣ ግን ማን ዞር ብሎ ሊያያት?
ባጃጅ አያሳፍራት፣ ቀፊራ አይሸጥላት።
እዚህ፣ ከበሩ እስከ ባንኮው ድረስ ብቻ
ንጉሥ ናት።

*

አባቴ የባቡር ጥገናው በር ላይ ሰዓት ተቆጣጣሪ ነበር።
ግድግዳው ላይ ጥቁር ሰሌዳ፣ ሰሌዳው ላይ ምስማር፣
በያንዳንዱ ምስማር ሥር በነጭ ቀለም ቁጥር።
የገባ ሰው ናሱን ይሰቅላል፣
የወጣ ሰው ያነሣል።
ፈረንሳዮቹ ዤቶን ያሉትን አባቴ "ዠቶ" አለው፤
"ዠቶህን ስቀል!" ካለ ቀኑ ተጀመረ፣ በቃ፣ ይኸው ነው።
ምሳ ይዤለት ስሄድ በስም አይጠራም ሰው፤
"መቶ አርባ! ኧረ መቶ አርባ! ሚስትህ ወለደች!" ይላል፤
መቶ አርባ ግራሶ እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ ይሮጣል፣
"ምን?" ይላል፣ "ምን ወለደች?"
ካንድ ጥግ አንዱ፦ "መቶ አርባ አንድን ነዋ!"
ሳቁ ከቆርቆሮው ጣሪያ ጋር አብሮ ይንቀጫቀጫል።

*

ጎረቤታችን አዴ ሻምሲያ ደግሞ በጽሑፍ አታምንም።
ከጅቡቲ ዕቃ ሲመጣላት ጆከር ለሁለት ትቀድዳለች፣
ግማሹን ለጫኙ፣ ግማሹን መቀነቷ ውስጥ ትቋጥራለች፤
ሌሊት ባቡሩ ቆሞ፣ የተቀደደው ጠርዝ ከጠርዙ ሲገጥም፣
ጆንያው ይወርዳል፤ ፊርማ የለም፣ ስም የለም።
አንዴ ዕቃው በሌላ ሰው መጣ፣ ጫኙ ቀረ።
ዕቃውን ሸጠች፣ ዕዳዋን ከፈለች፣ ብዙ ዓመት ተቆጠረ፤
ግማሹን ባርኔጣ፣ ያንዱን ዐይን ሳቅ ግን
እስከ ዛሬ ከመቀነቷ አልፈታችም።
"ለምን?" ብላት፣
"አቦ ተይኝ፣ ሙቀቱ ነው" ትላለች፣ ዐይኗን እያሸች።

*

ጥገናው ዝም ያለ ቀን፣ ሁሉም ናሱን አንሥቶ ሲወጣ፣
አንድ ቁጥር ምስማሩ ላይ ቀረች፦ ሰማንያ ስምንት።
የሮብሌ ዋይስ ናት።
ረሳት?
ወይስ ተዋት?
አባቴ ፋኖስ ይዞ ፉርጎ ለፉርጎ ዞረ፣
ጉድጓዱን አየ፣ ከቦይለሩ ሥር ተጣራ፦
"ሰማንያ ስምንት!"
ቆየና፦ "ሮብሌ!"
በሠላሳ ዓመት በስሙ የጠራው ያን ለት ብቻ ነው።
ሰው ውስጥ እያለ አይቆለፍማ፣
እስኪነጋ በሩ ላይ ተቀመጠ።
ሮብሌ ለካ ገና ቀትር ሳይሆን
በጭነት መኪና አይሻ ገብቷል።
አባቴ ናሷን ኪሱ ከተታት፣
"ሲመለስ እሰጠዋለሁ" አለ።
አሁን እኔ ሣጥን ውስጥ ናት፣
ከሳንቲም ጋር ስትጋጭ ድምፅዋ ይለያል።

*

ትናንት ማታ ስቆጥር አንድ ቀይ ማርካ ጐደለ።
ኢብሳ ወላሂ አለ፣ ባሬስታው በእናቱ ማለ።
አሥራ አምስት ብር ከኪሴ አውጥቼ ሞላሁ።

ዛሬ ጠዋት ባንክ ብሄድ ማሽኑ ወረቀት ተፋልኝ፤
ልጅቷ በማጉያው "ሐ ሁለት መቶ ስድስት" ስትል
እንደ መቶ አርባ ዘልዬ ተነሣሁ።

ስመለስ በደቻቱ፣ አሸዋው ላይ፣ ሁለት ሊስትሮዎች
ካርቶን ዘርግተው ዳማ ይጫወታሉ፤
ያንዱ ቆርኪ የቢራ፣ ያንዱ የለስላሳ፣
ያቺ ቀይ ማርካ መሃላቸው ነግሣ።
ትንሹ ቀና ብሎ አየኝ፣ በመዳፉ ጋረዳት።
"ተጫወት" አልኩት።
ቆሜ አየሁ፦
ባንድ ጉዞ ሦስት ቆርኪ በላች።