የቆጣሪ አንባቢው ጓሮ

ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ውሃ ቆጠርኩ፣
በየአጥሩ ጥግ ጎንበስ ቀና እያልኩ፤
ውሻ ነክሶኝ ያውቃል፣ አሮጊት ሰድባኝ፣
ከአምስት አሃዝ በቀር አንድ ነገር ሳይታየኝ።
ከክዳኑ በላይ ጎጆ ነበር ይሆን?
ከክዳኑ በታች የሚተነፍስ ይሆን?
አላውቅም።
ቅጹ ላይ እንቁራሪት የሚል ዓምድ አልነበረም።

ዛሬ ግን ጉልበቴ ደረጃውን ጠልቶ፣
መሥሪያ ቤቱም እኔን በጭብጨባ ሸኝቶ፣
ሞንቴቪዴኦ፣ ላ ቴኻ፣ ከነዳጅ ማጣሪያው ጀርባ፣
ንፋስ በዞረ ቁጥር ጋዙ ጓዳ ድረስ ሲገባ፣
ጓሮዬ ይኸው ነው፦ ስድስት እርምጃ በአራት
(እርምጃው ያንካሳ)፤
አንድ ሎሚ፣ አንድ ወንበር፣ እራፊ ፀሐይ ለጠዋት።

ቧንቧው ያንጠባጥባል፣ በደቂቃ አሥራ አራት።
ለዚህች ጠብታ ስንቱን ቤት በቅጣት አስለቀስኩ፤
ዛሬ መፍቻውን ከራሴ ደበቅኩ።
ከሥሩ ጓጉንቸሯ፣ ወፍራም፣ ባለ ኪንታሮት፣
ዝንብ እስኪገብርላት ዐይኗን ከድና፣ እንደ ባላባት።
ስንፍና አይደለም።
ቤቷ ነው፤ አይደርቅም።

ከመብራቱ ምሰሶ ላይ ኦርኔሮ፣ ቡናማዋ፣
ጭቃ በሣር ለውሳ ትገነባለች በአፏ፤
ሁለት ክፍል ቤት ናት፣ በሯ ከንፋስ የዞረ፣
ግድግዳው ያለ ውሃ ልክ የተሠመረ።
"እሑድ እሑድ አትሠራም" ይላል ያገሬ ሰው፣
ግንበኛ ሁሉ ለአለቃው የሚጠቅሰው።
እሑድ ንጋት ወጣሁ ደብተሬን ይዤ፣
ከሎሚው ሥር ሆኜ፣ በብርዱ ፈዝዤ፦
አርባ ሁለት ምልልስ፣ በአንድ እሑድ ጠዋት።
ለኢርማ አልነገርኳት።
ሰው ከሚያምነው ነገር ትንሽ ይቅርለት።

አሁን የራሴ ቅጽ አለኝ፣ በማስመሪያ ያሰመርኩት፣
ቀን፣ ሰዓት፣ ማን መጣ፣ ምን በላ ብዬ የከፈልኩት፤
ቀንድ አውጣ ሰባት። እንሽላሊት አንድ፣ ጭራው የተቆረጠ።
ጉንዳን፦ ቆጣሪው ዞሮ ዞሮ ዜሮ ላይ ተቀመጠ።

ደግሞ አንዲት ነበረች፣ ሌት ብቻ የምትመጣ፣
ከቆርቆሮው ጀርባ ቀስ ብላ የምትወጣ፤
ጆሮዋ ነጭ፣ ጭራዋ ራቁት፣
ፊቷ ዱቄት ጓዳ ገብታ የወጣች አይጥ ዓይነት፤
ሆዷ ላይ ኪስ ያላት፣ ልጅ የምትጭን በጀርባ።
ኮማድሬኻ ይሏታል፤
"ትንሿ አበልጅ" እንደ ማለት ነው።
ስሟ ዝምድና ነው።
ዕጣዋ አካፋ ነው።

ዋልዴማር፣ ጎረቤቴ፣ ሁለት ዶሮ ጎድለውበት፣
ገና ሳይነጋ መጣ፣ በፒጃማ፣ እንቅልፍ ዐይኑ ላይ እንዳለበት፣
አካፋ ይዞ፦ "ኤልቢዮ፣ በዚህ አላለፈችም ያቺ አውሬ?"
እሷ ከልብስ ቅርጫቱ ኋላ ናት፣ ሁለት ስንዝር ከእግሬ፣
ትንፋሿን ውጣ፣
ጀርባዋ ሙሉ ልጅ። ቆጠርኩ፤ ልማድ ነዋ፣ ክፉ ጣጣ፤
አሥራ አንድ ጭራ።

ቋሊማ ሲሰጡኝ፣ ወይን ሲቀዱልኝ፣
"ይቺን ሰባት አንድ አርጋት" ብለው ሲለምኑኝ፣
አንዲት አሃዝ አላዛባሁም፤ ይመስክር ቢሮው፣
ልክ ነበር የጻፍኩት፣ መጀመሪያውም ፍጻሜው።
እጄን አነሳሁ ወደ ሐዲዱ፣ ወደ ባቡሩ መንገድ፦
"አሁን፣ በዚያ በኩል። አየኋት ስትነጉድ።"
ሄደ።

እሷም አላመሰገነች፣ አልቸኮለች።
አንዱ ልጇ ተንሸራቶ ወደቀ፤ ቆማ ጠበቀች፣
እስኪጨብጥ ጠጉሯን፣ እስኪወጣ ጀርባዋን፤
ከዚያ በቆርቆሮው ሥር አስገባች ጓዟን።

ጎሕ ቀደደ። አንቴናው ጫፍ ላይ
ደረተ ቢጫ፣ ቅንድበ ነጭ፣
እንደ ሽፍታ ዐይኑን በጥቁር የሸበበ፣
ቤንቴቤኦ፣ የገዛ ስሙን የሚጠራው ወፍ፣
ሰፈሩ ሁሉ እስኪሰማ ጉሮሮውን ከፈተ፦
"ደህና አድርጌ አየሁህ! ደህና አድርጌ አየሁህ!"

ደብተሬን ገለጥኩ። እርሳሴን አነሳሁ።
ወንበሬን ጥቂት፣ ወደ ሎሚው ቅጠል ሥር ሳብሁ።