ማግኔቱ የወደቀበት

ከካርዲፍ ነው የመጣው፣ በዝናብ ማለዳ፣
ጓንት ያጠለቀ፣ ቁጥብ ያለ እንግዳ።
ባንድ እጁ ባትሪ፣ ባንድ እጁ ማግኔት፣
«አቶ ቴግዊን» አለኝ፣ «ልያት ከዋጋው በፊት።»

ሸራውን ገለጥሁት።
የበግ በረት ነበር፣ ጋራዥ ያደረግሁት፤
የጠጉሩ ሽታ እስከ ዛሬ ድረስ፣ ከቤንዚን ታርቆ፣
ይኖራል ከግንቡ ተጣብቆ።

እሷም እንደ ልማዷ፣ ዝቅ ብላ ተኝታ፣
ወተት መሳይ ገላ፣ ቀይ የቆዳ ወንበር፣ ለሰማይ ተሰጥታ።
በኩር ናት። በስልሳ ሁለት መጸው
የወጣች፣ ፋብሪካው ራሱ ገና መልኳን ሲለምደው።
ከፋርማሲስቱ መበለት በሁለት ላም ዋጋ ስገዛት፣
ኤሉነድ «ላም እንኳ ትታለባለች» አለችኝ፤
በማግሥቱ ግን እሷው ነዳቻት።

የበሯ እጀታ የሚሳብ ነው፤
የኋለኞቹ እህቶቿ ግን የሚገፋ ቁልፍ አላቸው።
እንግዳ ሁሉ ሲገፋት፣ እሷ እምቢ ትላለች ዘግታ፤
«ሳባት» እላለሁ፣ «ሳባት፣ እንደ መሳቢያ፣ በእርጋታ።»
ይህኛው ግን ሳባት። ሳልነግረው። ያኔ ነው ያወቅሁት
ሥራውን የሚያውቅ መሆኑን፤ ያኔም ነው የፈራሁት።

ኮፈኗን ከፈትሁለት። ቁጥሯን ከሊብሬው አመሳከረ፣
ሐኪም ልብ እንደሚያዳምጥ አንገቱን አቀረቀረ።
መንታ ካርቡሬተሯ ያው፤ ያው ባለ ሽቦ መሪ፤
ፍጥነት ቆጣሪዋም ያው፣ ትንሽ ዋሾ፣ ትንሽ ፈሪ።
ከእጀታው ሥር ጭረት አለ፣ ግማሽ ጨረቃ የመሰለ፣
የኤሉነድ የጣት ቀለበት ሠላሳ ዓመት የሣለ።
«ይሄ ባንድ ቀን ይጠፋል» አለኝ፣ በጣቱ ዳስሶ፤
ዝም አልሁ። ዝምታዬ ገባው መሰል፣ ጣቱን ወሰደ መልሶ።

ከዚያ ማግኔቱን በስስ ጨርቅ ጠቀለለ፣ እንዳይጭራት ሰግቶ፣
ከፊት ፓራፋንጎ ጀመረ፣ በጉልበቱ ተደፍቶ።
ጠቅ፤ ያዘ። ጠቅ፤ ያዘ። በሩ ላይ፣ ጠቅ፤ ያዘ።
እኔም ውጤት እንደሚጠብቅ ተማሪ ትንፋሼ ተያዘ።
ኮፈኗን ዘለለው፤ አሉሚኒየም መሆኑን ያውቃል፤
ደግሞ ጠቅ፣ ደግሞ ጠቅ፣ ወደ ኋላ ይዘልቃል።

ከግራ ጎማዋ ኋላ
ማግኔቱ ወደቀ።
የድንጋዩ ወለል ጮኸ፤ የበረቱ ዝምታ ደቀቀ።
ቀና ብሎ አየኝ።
«ስቱኮ» አለ። ሌላ አልጠየቀኝ።

«ሰማንያ ሰባት፣ በሚያዝያ። ልጄ ሪድያን፣ ዐሥራ ሰባት ዓመቱ፣
ቁልፉን ከኮቴ ኪስ ሲወስድ፣ እንዳላየች ሆነች እናቱ።
እስከ ባሕሩ ሊነዳት ነበር፤ ባሕሩ ቀርቶ
ከገዛ በራችን አልዘለቀም፣ ከድንጋይ ምሰሶው ጋር ተጋጭቶ።
ሦስት ቀን አልተነጋገርንም። በአራተኛው ሌሊት
ጎን ለጎን ተንበርክከን፣ በአንዲት ፋኖስ መብራት፣
ስቱኮ ለወስን፣ ለቀለቅን፣ በብርጭቆ ወረቀት ፋቅን፤
ያን ሌሊት ብዙ አወራን፤ ያን ሌሊት ብዙ ሳቅን።»

ዛሬ በርገን ወደብ ላይ መርከብ ይጠግናል።
እሑድ እሑድ ሲደውል «ደኅና ናት?» ይለኛል።
እኔን ማለቱ እንደሆነ
ሁለታችንም እናውቃለን፤ ይኖራል እንደተሸፈነ።

ማግኔቱን አንሥቼ፣ በሸሚዜ ጠርጌ ሰጠሁት።
«ወርቅንም እኮ አይስብም» አልሁት።
ደብተሩን ሳይጽፍበት ከደነው።
«እንግዲያ አትሸጣትም» አለኝ፤ ጥያቄ አልነበረም፣ ገብቶት ነው።

ጣራዋን ለመትከል ዐሥር ደቂቃ፣ ብዙ ዘንግ፣ ብዙ ቁልፍ ይፈልጋል፤
ተውነው። ቁልቁል ስንወርድ ዝናቡ ጉያችን ድረስ ይዘልቃል።
እኔ በግራ ተቀምጬ፣ ቁልፉን ለእሱ ሰጥቼ፣
መንገዱን አላየሁም፣ እጆቹን ነበር አይቼ አይቼ።
ከቶዊ ድልድይ በፊት ጥግ ይዞ አቆመ።
ምንም አልተናገረም፤
ጓንቱን አወለቀ፣ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ፣
ራቁት መዳፉን መሪው ላይ አሳርፎ፣ ማርሽ ለወጠ።