ማን ይቀመጥ?

ሽንት ቤቱ ግድግዳ ላይ፣ በጥቁር ማርከር፣
«ሰኞ አትምጡ» ይላል፤ ሌላ የለው ነገር።
የኮልተን ጽሕፈት ነው፤ አስተማሪው ለየው፤
ዐሥራ አራት ዓመቱን ኅዳር ላይ ነው የደፈነው።

በብሩክስ፣ አልበርታ፣ ነፋስ በሚያፏጭበት፣
ረዥም ጠረጴዛ፣ ወንበሮች የከበቡት፤
ርእሰ መምህሯ ሚስስ ፍሪሰን አሉበት፤
ኮንስታብል ቤላሮዝም፣ ቆቡን ጉልበቱ ላይ አርጎት፤
ከሜዲሲን ሃት፣ ሐሙስ ሐሙስ ብቻ የምትመጣው
የሥነ ልቦና ባለሙያዋ፣ ፋይሉን ዘርግታው።

እኔ የአውቶቡስ ሹፌር ነኝ፤ ቁጥሬ ሃያ ሦስት።
የጠሩኝ ለአንዲት ጥያቄ ነው፣ ቆሜ እንድመልሳት፦
«ቦርሳው ከብዶት ነበር? ምን አየህ ዛሬ ጠዋት?»

«ዛሬስ ምንም አላየሁ፤ ጥቅምትን ጠይቁኝ» አልኩ፣
ሳልጋበዝ ወንበር ስቤ እየተቀመጥኩ።

ጥቅምት ላይ ኮፍያውን በመስኮት ወረወሩት፣
ቦዩ ዳር። አላቆምኩም፤ ሰዓት ነው ብዬ አለፍኩት።
ከዚያ ወዲህ ልጁ የኋላ ወንበሩን ለቆ
ከጀርባዬ ይቀመጣል፣ ጉልበቱን አጣብቆ።
በመስታወት አየዋለሁ፣ ጠዋትና ማታ፣ እስከ ማቆሚያ፤
«ዓይኔ መንገድ ላይ ነው» ማለት ጥሩ መሸሸጊያ።

«አራተኛው ነው» አለ ዶሚንጎ፣ የጽዳቱ ሰው፤
«ሦስቱን እኔ ነኝ ያጠብኩት፣ ማንም ሳያየው።
የመጀመሪያው ‹እዚህ ነኝ› ነበር የሚለው፤
ሁለተኛው ‹አሁንም አለሁ›፤ ሦስተኛው ‹ሰው የለም ወይ?› ነው።»

ብዕሮቹ ቆሙ። ማሞቂያው ብቻ ነበር የሚያጉረመርም።
«ለምን አልነገርከንም?»
«ማን ጠየቀኝ? ቀለም ነው፤ ቀለም
ማጽዳት ነው ሥራዬ» አለ። ሌላ አልተናገረም።

ታዲያ ማን ይቀመጥ? ብባል፣ እንዲህ ነው የምለው፦
ስሙን ከመዝገብ ሳያይ ልጁን የሚያውቀው፤
ምሳውን የት እንደሚበላ፣ ከማን እንደሚርቅ፤
ለቅጣት የማይቸኩል፣ «ምንም አይደል» ብሎም የማይስቅ።
ለኔ ብቻ ግን አትተዉት! አዝኜ እሸፍናለሁ፤
የአያቱን የአደን ጠመንጃ ማን ቆለፈው ማለት እረሳለሁ።
እሱን የጠየቀ ቤላሮዝ ነው፤ ማታውኑ ሄዶ ቁልፉን የወሰደ።
ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው፤ ልጅ ግን ለሃምሳም የከበደ።

እናቱ ኮሪደር ላይ ነች፣ ካፖርቷን ሳታወልቅ፤
ጓንቷን ስታወጣ፣ መልሳ ስታጠልቅ።
«እሷስ?» አልኩ።
ሚስስ ፍሪሰን ተነሡ፤ ምንም ሳይሉ በሩን ከፈቱ።

ሲያልቅ ቅጽ ሰጡን፤ «ስም» ይላል፣ «ኃላፊነት»።
«ሹፌር» ብዬ ጻፍኩ፤ ጥቂት አሰብኩና፣ ጨመርኩበት፦
«ኮፍያው ሲወድቅ ያላቆመ።» ማንም አልሰረዘበት።

ማክሰኞ ብርዱ ከዜሮ በታች ሃያ ሰባት ነበር።
ከነኮልተን ማቆሚያ ደርሼ፣ ባይኖርም፣ ከፈትኩ በር።
«ብርድ ገባ፣ ዝጋው!» አሉ ከኋላ።
ይግባ።
አንድ ደቂቃ ቆምኩ፤ ከዚያም አንዲት ሌላ።