የውስጠኛው ጎማ

ቪፒቴኖ፣ ማለዳ፤ ከብሬነር በታች፣
ፀሐይ ከተራራው ገና አልወረደች።
ቆማለች ቤታችን፣ ባለስድስት እግር፣
መስኮቷ በላብ ታውሮ፣ ከጥዱ ሥር።

ደምመላሽ ይጠራል፦
«ከሮጠ በኋላ ይዋሻል ጎማ፤
በብርድ ሲለካ ነው እውነት የሚሰማ!»

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይህን ሰምቻለሁ፣
የቦሎኛን አውቶቡስ ሲነዳ አውቃለሁ፤
ጡረታ ሲወጣ፣ በተረፈን ጥሪት
ይህችን አሮጌ ገዛን፣ ተሽከርካሪ ቤት።
ልጃችን ሳቀችና «ቀንድ አውጣ» አለችን፤
ይሁን፣ እንደርሳለን። ማንስ አስቸኮለን?

የፊቶቹን ለካሁ። አምስት። አምስት። ደህና።
የኋላው ግን ድርብ ነው፣ መንታ ነውና፤
ውጪኛው ይታያል፣ ታጥቦ ይወደሳል፣
ውስጠኛው ከጀርባው ጭቃውን ይለብሳል።
ቫልቮላው ያለው በቸርኬው ቀዳዳ፣
ሰፊ እጅ ላለው ሰው የማይመች ጓዳ።

ድሮ እሱ ነበረ ተንበርክኮ ሚለካው፣
ጉልበቱን የሐኪም ምላጭ እስኪነካው።
ከዚያም ወዲህ ቢሆን «ለክቻለሁ» ይላል፣
ደብተሩን ገልጦ በእስክሪብቶ ይሞላል።

ዛሬ ግን ጠዋቱን፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣
«እኔ ልግባ» አልኩት፤ አነጠፍኩ ስጋጃ።
በጎኔ ተኝቼ እጄን በቀዳዳው
ሰደድኩት እስከ ክርን፤ ቅጥነት ማንን ጎዳው?
ብረቱ ይበርዳል፤ ጥፍሬ ሥር ጥቀርሻ፤
መለኪያውን ሰካሁ፤ «ፍስ» አለ በመጨረሻ።

ሁለት ነጥብ አንድ።
እንደገና ሰካሁ፤ ሁለት ነጥብ አንድ።
አራት ተኩል መሆን የሚገባው፣ ጉድ፣
ግማሹ ጎድሎ ነው የመጣው በመንገድ።

ከቦሎኛ እስከዚህ፣ ያን ሁሉ ዳገት፣
ውጪኛው ብቻውን ተሸክሞ ያን ቤት፣
ሳህኑን፣ ፍራሹን፣ ውሃውን፣ እኛውን፣
ትንፍሽ ሳይል ደገፈ ባዶ ጓደኛውን።
በዓይን ላያቸው ሰው እኩል ነው ቁመቱ፤
የአንዱ ጉድለት ያርፋል በሌላው ክብደቱ።

ደብተሩን ገለጥኩት፣ ልጽፍ የዛሬውን፤
አየሁት ወደ ኋላ፣ የጻፈውን ሁሉን፦
የካቲት፣ አራት ተኩል። መጋቢት፣ አራት ተኩል።
ሚያዝያ፣ አራት ተኩል። ግንቦት፣ አራት ተኩል።
በብርድም በሙቀትም፣ ፈቀቅ ሳይል፣ እኩል።

አየር እንዲህ አይጸናም፤ ያስተማረኝ እሱ፦
«ማንም ባይነካው ይጎድላል በራሱ።»
ገባኝ። ከምላጩ ወዲህ አልተንበረከከም፤
ቁጥሩን ከልቡ አውጥቶ ጻፈ እንጂ አልለካም።

ልቆጣ ከፈትኩ አፌን፤ ትዝ አለኝ ለካ፣
«ደህና ነኝ» እንዳልኩት ስንት ቀን ሳልለካ።

ከእነዚያ ከአራት ተኩሎቹ መደዳ
ሥር፣ በራሴ ጽሑፍ፣ ያንን የማለዳ፣
ሁለት ነጥብ አንዱን አሰፈርኩት፤ ሰጠሁት።
መነጽሩን አደረገ። ሲያነበው አየሁት።

ጥዱ ላይ አንድ ወፍ። ከታች የጭነት መኪና
ማርሽ እየቀየረ ወደ ብሬነር ሲያቀና።
ምንም አላለኝም፤ ምንም አልጠየቅኩም፤
ወደ ዕቃ መያዣው ጎንበስ አለ፣ ዝም፣
ፓምፑን አወጣና ቱቦውን ፈታልኝ፣
«ቆቧን እንዳትጥያት፣ ልያዝልሽ» አለኝ።

ፓምፑ ተንጣጣ። መጋረጃ ገልጦ አንድ ጀርመን
በፒጃማ አየን፤ በእጅ ይቅርታ ጠየቅን።
ሦስት። ሦስት ተኩል። ውስጠኛው ሲሞላ
ቤታችን በጥቂት ተነሣች ከኋላ፤
ወይም እንደዚያ መሰለኝ።

አራት ተኩል ሲደርስ እጄን ከቀዳዳው
ሳወጣ፣ በገዛ መሐረቡ አበሰው።
መዳፉን ዘረጋ፤ ቆቧን አቀበለኝ፤
ጭብጡ ውስጥ ከርማ ነው፣ ሞቃ የደረሰችኝ።

«የቀኙንስ» አልኩት፣ «ስንት ብዬ ልጻፈው?»
ሳቀና ስጋጃውን በዚያ ጎን አነጠፈው።