ሽፋን የሌለው መጽሐፍ

ሽፋኑ የት ሄደ? ማን ያውቃል፤ ተገንጥሏል፣
የመጀመሪያው ገጽ ሻይ ፈስሶበት ቆስሏል።
ከሂርማታ ጥግ፣ ከሙዘይን ሱቅ፣ በቀን ሁለት ብር፣
የጅማ ክረምት በገባ ቁጥር የምከራየው ነገር።

ታሪኩ? አንድ ሰዓት ሠሪ፣ እህቱ ሞታበት፣
መዳብ ቀጥቅጦ ልብ ሠርቶ፣ እንደ ሰዓት ሞላላት።
ነቃች። ዓይኗን ገልጣ “ስሜ ማነው?” ስትለው፣
ሸሸ። በሩን ቆልፎ። ይኸው ነው።

በኅዳጉ በእርሳስ ሰው ሁሉ ጽፎበታል፤
አንዱ “እንዳትከፍት!” ይላል፣ ሌላው “ምናለ ብትከፍት” ብሎታል።
“ስልሳ ስምንት፣ ነሐሴ፣ ሻማ አለቀብኝ” የሚልም አለ፣
ከሥሩ በሌላ እጅ “የኔም” የተባለ።

እኔ ሬዲዮ ጠጋኝ ነኝ።
ዛሬ ቀን ከአንድ ሙት ሬዲዮ ሽቦ ነቅዬ፣
ከሌላው ሙት ጋር በብየዳ አቀጣጥዬ፣
ድንገት አሳለና “እንደምን ዋላችሁ” ሲለኝ፣
“ማነህ?” አልኩት ደንግጬ። ባለቤቱ ሳቀብኝ።

አሁን መብራት ሄዷል። ዝናቡ ቆርቆሮ ሲደበድብ፣
ከዚያው በር ላይ ደርሻለሁ፤ አልዘጋ፣ አላነብ።
የመጨረሻው ቅጠል የለም፤ ሙዘይንም አላየው፤
ልጅቷ ከበሩ ኋላ ዛሬም እንደቆመች ነው።

እርሳሴን ቀረጽኩ። ሻማዬ ትር ትር ብሎ ሲከስም፣
በኅዳጉ፣ በጨለማው፣ ጻፍኩላት አንድ ስም፤
ይነበብ አይነበብ እንጃ።