የሦስት ቀን ትኬት

ከአዘዞ በባጃጅ ወጥተን፣ ተሰልፈን ከመስኮቱ፣
«የአንድ ቀን ሰማንያ» አለች፣ «ሁለት መቶ ነው የሦስቱ።»
በጣቴ ደመርኩ፣ ቀነስኩ፣ አርባ ብር ትርፍ አገኘሁ፤
የነገውን፣ የተነገ ወዲያውን የባጃጅ ሒሳብ ረሳሁ።

ከፋሲል ግንብ ባሻገር፣ የእንጨት ፈረስ ይዞራል፣
ጭራው የተነቀለውም፣ ከሌላው እኩል ይበራል።

ብሩን ልሰጥ እጄን ስሰድ፣ ማስተዋል ጎተተችኝ፣
«አባዬ፣ የአንድ ቀኑን» ብላ፣ በጆሮዬ ነገረችኝ፤
«የሦስቱን ከገዛህማ፣ ‹በቃ፣ ነገ› ትለኛለህ፣
ገና ሁለቴ ሳልዞር፣ ሰዓትህን ታያለህ።»

ሰማንያ ከፈልኩ።
ሰዓቴን ኪሴ ከተትኩ።

ዘበኛው አምፖል አጠፋ፣ ቁልፉን እያንቃጨለ መጣና፤
ጭራ ቢሱ ፈረስ ላይ ነች፣
አልወረደችም ልጄ ገና።